የፈራሚው ድርሻ፤ ስለ ወይዘሮ ሉሲል ቦል የሹመት ዘመን የቀረበ አስተያየት

በሲኒማና በቴሌቪዥን ሥራ ተመልካች የሚያውቀው ተዋናዩን ነው፤ ደራሲውን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ገንዘቡ እንዲወጣ የፈረመውን የስቱዲዮ አለቃ ግን ስሙን የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ ያ ፊርማ ባይኖር ድርሰቱ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ስለዚህ የአለቃውም ሥራ እንደ ድርሰቱ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። ለዚሁም አሜሪካዊቱን ወይዘሮ ሉሲል ቦልን ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን፤ ዓመታቱ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ሉሲል በዓለም የታወቁት በቀልድ ተዋናይነታቸው ነው። በ1950 ከባለቤታቸው ከአቶ ዴሲ አርናዝ ጋር ዴሲሉ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1951 «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው ትርዒት ሲጀመር የዘመኑ ልማድ ከኒው ዮርክ በቀጥታ ማስተላለፍ ነበር። እነርሱ ግን በሆሊዉድ ሆነው፣ በተመልካች ፊት፣ በሦስት ካሜራ በፊልም እንዲነሣ አደረጉ፤ ከሚከፈላቸውም ቀንሰው የፊልሙን ባለቤትነት ያዙ። በቀጥታ ከተላለፈው የሌሎች ሥራ ብዙው ሲጠፋ የእነርሱ ተጠብቆ ደጋግሞ ታየ። በ1957 ደግሞ ወይዘሮ ሉሲል ቀድሞ በተቀጣሪነት የተጫወቱበትን የአር ኬ ኦን ስቱዲዮ ገዙ።

ጋብቻው በ1960 ከፈረሰ በኋላ፣ በ1962 የአቶ ዴሲን ድርሻ ገዝተው ኩባንያውን ብቻቸውን ይመሩ ጀመር። ለቀልድ ብቻ ቢፈርሙ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። ዳሩ ግን ስለ ጠፈር ጉዞ የሚናገረውን «ስታር ትሬክ»ን ተቀበሉ። የመጀመሪያው የሙከራ ፊልም ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶበት ኤን ቢ ሲ አልተቀበለውም፤ ሁለተኛ ሙከራ ግን አዘዘ። ባልደረቦቻቸው በኋላ እንደ መሰከሩት፣ የኩባንያው መማክርት ወጪውን ቢፈሩም ወይዘሮ ሉሲል ሥራው እንዲቀጥል ወሰኑ። «ስታር ትሬክ» እና «ሚሽን ኢምፖሲብል» ሁለቱም በ1966 ለሕዝብ ታዩ።

ነቀፋም አይታጣም። በ1967 ኩባንያውን በ17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለገልፍ ኤንድ ዌስተርን ሸጡ። «ስታር ትሬክ» ከ1979 ጀምሮ፣ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ከ1996 ጀምሮ በታላላቅ ፊልሞች ሲቀጥሉ ፍሬውን የሰበሰቡት ሌሎች ናቸው። በ1951 ባለቤትነትን ከደመወዝ ያስበለጠ ሰው በ1967 አሳልፎ መስጠቱ በእውነት ያስተቻል። ነገር ግን ነቀፋው የሚነካው ነጋዴይቱን እንጂ ሥራውን ለይታ ያወቀችውን አለቃ አይደለም።

«አይሆንም» ብሎ መፈረም ወጪ ስለሌለው ስሕተቱ በመዝገብ አይገኝም፤ ሳይወለድ የቀረውን ሥራ የሚቈጥር የለምና። «ይሁን» ያለ ሰው ግን ኪሳራው በስሙ ይጻፋል። ወይዘሮ ሉሲል ይህን እያወቁ «ይሁን» አሉ። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ብዕር የያዘ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።