የመንገድ ክር

ለሥራ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሁለት ጥቅል ክር ሳልገዛ አልመለስም። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው፤ ወልቂጤ በጅማ መስመር ወሊሶን አልፎ፣ ቡታጅራ በዓለም ገና ተገንጥሎ በጢያ ትክል ድንጋዮች በኩል። ወልቂጤ የገዛሁት ብርቱካንማ ቢያልቅብኝ ቡታጅራ ላይ መንትያውን አላገኝም። ባገኝም በሌላ ጊዜ የተነከረ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይለያል።

እናቴ ኪሮሽ ስታስተምረኝ ዳንቴሉ ሁሉ ነጭ ነበር፤ ክር ቢያልቅ ያንኑ ገዝቶ መቀጠል ነው። የመጀመሪያ ኮፍያዬን ግን በእርድ ቢጫ ጀምሬ፣ ሦስት ዙር ሲቀረኝ ክሩ አለቀ። ጠርዙን በጥቁር አረንጓዴ ጨረስኩት። እህቴ አይታ "ጭቃ የረገጠ ይመስላል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክሬን በወጥ ቤት ሚዛን ሳልመዝን አልጀምርም። አሠራሩ ሰፌድ ለሰፋ ሰው አዲስ አይደለም፤ ከመሃል ተነስቶ መዞር ነው። በ6 ዓይን እጀምራለሁ፤ በየዙሩ 6 እየጨመርኩ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሰፋል። ዙሪያው 56 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ራስ ክቡ ከዳር እዳር 17 ገደማ ሲደርስ መጨመሩን አቆማለሁ፤ ያኔ ሥራው በራሱ ወደ ታች ይታጠፋል። ማቆሙን የረሳ ሰው ሰፌድ ይዞ ይቀራል፤ ከ6 በላይ የጨመረ ደግሞ ጠርዙ ይጨማደድበታል።

አናቱ ብዙ ክር የሚበላ ይመስላል። አይበላም። ጎኑ 18 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ አናቱ የሚወስደው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ጥቂቱንና ዳግም የማላገኘውን ክር አናት ላይ፣ የተትረፈረፈውን ጎን ላይ አውላለሁ።

አንድ ጊዜ የእንሰት ቃጫ ከሱፍ ጋር ላጣምር ሞክሬ ነበር። ለገመድ የማይታማው ቃጫ ግንባር ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል፤ ኮፍያው ዛሬ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው።

ባለፈው ከቡታጅራ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጄን ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ ለማን ነው?" አሉኝ። ገና አናቱ ላይ ነበርኩ።

"ክሩ ከበቃ ለወንድሜ፣ ካልበቃ ለልጁ።"

ጥቅሉን ከጭኔ አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት።

"እንግዲያው ለልጁ ነው" አሉ።