ደማቁ እሺ እና ደብዛዛው እምቢ

በኬንያዋ ሞያሌ ዜና ለማንበብ ወይም የዕቃ ዋጋ ለማየት በእጅ ስልኩ አንድ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ በፊት የሚያገኘው የፈቃድ መጠየቂያ መስኮት ነው። መስኮቱ የአንባቢውን ምስጢር እንደሚያከብር በትሕትና ከገለጸ በኋላ፣ ኩኪ የተባሉትን ጥቃቅን ፋይሎች በስልኩ ላይ ለማኖር ይጠይቃል። ከእነዚህ ገሚሶቹ ገጹ እንዲሠራ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ግን አንባቢው ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር ተከታትለው ለማስታወቂያ ንግድ ያቀብላሉ።

መስኮቱን እንደ አንድ ድርሰት ለሚመረምር ሰው፣ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በአቀማመጡ ላይ ነው። «እቀበላለሁ» የሚለው ቁልፍ በደማቅ ቀለም ከአውራ ጣት ሥር ተቀምጧል። «አልቀበልም» የሚለው ግን «ምርጫዎችን አስተካክል» በሚል ደብዛዛ ስም ተሸፍኖ ከሁለትና ከሦስት ገጽ በኋላ ይገኛል። ጽሑፉ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆኑም፣ አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ቀለሙ ከትርጉሙ ቀድሞ ይደርሰዋል። የገዛው ባንድል እያለቀበት ያለ ሰውማ እምቢታን ፍለጋ ሦስት ገጽ አይከፍትም። ባለቅኔ ወርቁን በሰም ቢሸፍን አድማጩ ቆፍሮ እንዲደሰትበት ነው፤ የዚህ መስኮት ደራሲ እምቢታን የሸፈነው ማንም እንዳይቆፍር ነው።

የአቀማመጡ ነገር ከዳኞች ዘንድም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል እንደማይችል ወሰነ። የፈረንሳይ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2022 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ጥፋታቸው ለመቀበል አንዴ መጫን ሲበቃ ለመከልከል ደጋግሞ መጫን ማስፈለጉ ነበር። የ2019ኙ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግም ፈቃድ የማያሻማ፣ በነፃነትና በዕውቀት የተሰጠ እንዲሆን ያዝዛል፤ መገኘቱን የማስረዳት ሸክሙንም በጠያቂው ላይ ይጥላል። ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች።

የድረ ገጽ ባለቤቶች ያለ ማስታወቂያ ገቢ ነፃ ንባብ እንደማይኖር ይከራከራሉ። ክርክራቸው ሚዛን ቢኖረውም፣ በግልጽ ሊጠየቅ የሚችልን ነገር በዘዴ ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ገጽ፣ በእኩል መጠንና አንባቢው በሚያውቀው ቋንቋ ማኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በገበያ የሚዋዋል ሰው «እሺ» ሲል ቃሉ የሚጸናው፣ «እምቢ» ማለትም በእጁ ስለነበረ ነው።