የእንጀራው ደብተር

ቅዳሜ ጠዋት ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል የኢትዮጵያውያንን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከካንሳንጋና ከሙየንጋ በእግርም በቦዳ ቦዳ ሞተርም ይመጣሉ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸውን ትምህርቱ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት አስቀራቸዋለሁ። ስለ ራሳቸው እናወራለን፣ ለሳምንቱ አንዳንድ ነገር ያቅዳሉ።

መጀመሪያ ላይ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ «ጠንካራ ጎኔ»፣ «ደካማ ጎኔ» ብዬ ጻፍኩ። ደካማው በአምስት ደቂቃ ሞላ። ጠንካራው ሥር ግን «ኳስ» ከሚል በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልተጻፈም። ግራ ገባኝ፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። ቤት ውስጥ «ጉረኛ አትሁን» እያልን ያሳደግነውን ልጅ ክፍል ውስጥ ጉራህን ጻፍ ስንለው ምን ያድርግ?

ቃሎቻችንም አያግዙም። ትምህርት ቤት ልጅን የምንጠራባቸው ሁለት ስሞች አሉን፤ ጎበዝና ሰነፍ። ሰነፍ ስንል ውጤቱ ዝቅ ያለውንም ሥራ የጠላውንም ነው፤ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ የወደቀ ልጅም ያው ሰነፍ ይባላል። ጎበዝ ደግሞ የጀግና ስም ነበር፣ የጎበዝ አለቃ እንል የለ? አሁን ካርድ ላይ ቀርቷል።

ካምፓላ በዚህ ላይ ቁጥር ትጨምርበታለች። ልጁ ሰባተኛ ክፍልን ሲጨርስ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በማኅበራዊ ትምህርት ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ1 እስከ 9 ነጥብ አለው፣ ትንሹ ነው ጥሩው። ከሁሉም የበለጠው ልጅ ድምር 4፣ የመጨረሻው 36 ይሆናል። እስከ 12 ያመጣ አንደኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ «ግብህ ምንድን ነው?» ሲባል «አራት» ይላል። ቀጥሎ «ዶክተር»። አንዳንዱ «ፓይለት»። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። በፈረንጆቹ 2020 የተጀመረው የታችኛው ሁለተኛ ደረጃ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በፕሮጀክትና በክፍል ሥራ ልጆቹን ትንሽ ያናግራል፤ እዚያ እስኪደርሱ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን በቁጥር መጥራት ለምደዋል።

ጥያቄዬን ቀየርኩ። «በምን ጎበዝ ነህ?» ማለት ትቼ «በዚህ ሳምንት ማን ምን አድርግልኝ አለህ?» እላለሁ። ቅጽል ትቼ ግስ መጠየቄ ነው። አንዷ አባቷን ተከትላ ቢሮ ለቢሮ በሉጋንዳና በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች፤ እንደ ችሎታ ቆጥራው አታውቅም፣ ለእሷ ከትምህርት መቅሪያ ምክንያት ነው።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ «ምንም» አለኝ። እናቱ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሲያመጡት «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» ብለውኝ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ማዕዘኑ በሊጥ የደረቀ ደብተር አየሁ። «የምን ነው?» «የእንጀራ።» በግራ የምግብ ቤቶቹ ስም፣ በቀኝ ቁጥር፣ ያልተከፈለው በቀይ ተከቧል። «ይሄ ቤት በቀን ስልሳ ወስዶ፣ ሐሙስ አርባ ብቻ ከወሰደ የስድስት ቀኑ ስንት ሆነ?» አልኩት። ቀና ሳይል «ሦስት መቶ አርባ፤ ግን ገና አልከፈሉም» አለኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሒሳብ ግን በእርግጥም ይወድቃል። የፈተና ወረቀቶቹን ይዘን ተቀመጥን። ቁጥር ብቻ ሲሆን አይስትም፤ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲሆን «ሞር» የምትል ቃል ባየ ቁጥር ይደምራል። «በስንት ይበልጣል» ሲባል መቀነስ እንዳለበት የነገረው የለም። መደመር መቀነሱን ያውቃል፣ የያዘው እንግሊዝኛው ነው።

ግብ ጻፍ ስለው «ሒሳብ ጎበዝ እሆናለሁ» ብሎ ጻፈ። አሁንም ቅጽል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መቼና የት እንደሚያደርገው አስቀድሞ የወሰነ ሰው እቅዱን የመፈጸም ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። እኛ ቤት ይህ ብርቅ አይደለም፤ ቡና ከመፈላቱ በፊት የሚደረገውንና ከአቦል በኋላ የሚወራውን የማያውቅ የለም። ልጁን «ማታ ሁልጊዜ የምታደርገው ምንድን ነው?» አልኩት። የእንጀራውን ሒሳብ መጻፍ ነው። ግቡ እንደገና ተጻፈ፦ «የእንጀራውን ከጻፍኩ በኋላ፣ ደብተሩን ሳልዘጋ፣ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብቤ ለእማዬ በአማርኛ እነግራታለሁ።» በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ቀን ሦስቱን አደረገ። ሁለቱን ለምን እንደዘለለ ጠየቅኩት፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። አልቆጣሁም፣ ሻማ የግቡ አካል ሆነ።

በዚህ ሥራ ያበላሸሁትም አለ። አንዲት ልጅ ደብተሯ ላይ «አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት እንደማልፈልግ ለአባቴ እነግረዋለሁ» ብላ ጻፈች። እንዴት ያለ ድፍረት ነው ብዬ፣ በሙሉ ደስታ፣ ለእናቷ ነገርኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ ግቧ «ጠንክሬ አጠናለሁ» ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ጻፈች፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ከዚያ ወዲህ ደብተሮቹን አልሰበስብም፤ ልጁ ራሱ ገልጦ ካላሳየኝ አላነብም።

ተርሙ ሲያልቅ እንጀራ የሚጋግሩት እናት የልጃቸውን ካርድ ይዘው መጡ። አርባ አንደኛ የነበረው ሠላሳ ስምንተኛ ወጥቷል። «ይሄ ነው ለውጡ?» አሉኝ። ስለ «ሞር» ላስረዳ ጀመርኩ፣ እሳቸው ካርዱን እያገላበጡ ነው። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ደብተሩን ያያል።

«እማ፣ የማክሰኞው ሃያ እንጀራ አልተከፈለም» አለ።

«የቱ ቤት?» አሉ፤ ካርዱን አጥፈው ደብተሩ ላይ ጎንበስ አሉ።