ያልተገኘ ተከራካሪ፤ የሶደሬ ስምምነት በንግግር ጥበብ ሚዛን

የንግግር ጥበብን መሠረተ ሐሳብ የሚያስረዱ መጻሕፍት አስቀድመው የሚያነሡት አርስጣጣሊስ የለያቸውን ሦስት የማሳመኛ መንገዶች ነው፤ እነዚህም የተናጋሪው ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ ማስረጃ ናቸው። እኛ ተማሪዎችም አብዝተን የምንለማመደው ተናጋሪው እንዴት እንደሚናገር ነው። ነገር ግን ያው ፈላስፋ ንግግር በተናጋሪ፣ በጉዳይና በአድማጭ እንደሚቆም፣ ግቡም በአድማጩ እንደሚወሰን አስተምሯል። ይህን በቅርብ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከአዳማ (ናዝሬት) 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘው ሶደሬ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። በ1989 ዓ.ም. ግን የሶማሊያ 26 አንጃዎች በዚያ ተሰብስበው መከሩ፤ በታኅሣሥ ወርም ስምምነት ፈርመው 41 አባላት ያሉት ምክር ቤት አቋቋሙ።

ስምምነቱን በሦስቱ መንገዶች ብንመዝነው እንዲህ ሆኖ እናገኘዋለን። ስሜትን የሚነካ ነገር አልጠፋም፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የፈሰሰው ደም ይበቃ ነበርና። ማስረጃውም ብርቱ ነበር፤ መንበሩ በጎሣ ድርሻ መከፈሉ ለሚሰማው ሁሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ታማኝነት ግን አጠራጣሪ ነበር። አስታራቂዋ ኢትዮጵያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተዋጋች አገር ስለ ሆነች፣ እምነትን በቃል ብቻ ማግኘት አይቻላትም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሁሴን አይዲድ አልተገኘም፤ ሶማሊላንድም አልተገኘችም። ብቻውን የሮጠን የሚቀድመው የለም እንዲሉ፣ በሶደሬ የተረታ ተቃዋሚ አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. በካይሮ ሌላ ስምምነት ሲፈረም አይዲድ ፈረመ፤ በሶደሬ የፈረመው አብዱላሂ ዩሱፍ ግን ጥሎ ወጣ። አንዱ ሲገባ ሌላው ወጣ ማለት ነው።

የአገራችን የቀድሞ ሙግት ይህን ችግር ያውቀው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግትም አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ፊት ለፊት ቆሞ ይመልሳል። ባለጋራ የሌለበት ንግግር፣ ምንም ቢያምር፣ ሙግት አይባልም።

ምናልባት፣ «ስምምነቱን ያፈረሰው መሣሪያና የአስታራቂዎች ፉክክር ነው፤ ንግግር ምን አደረገ?» የሚል ይኖራል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ምክር ቤቱ ቢፈርስም፣ ለአራቱ ታላላቅ ጎሣዎች እኩል፣ ለቀሩት ደግሞ የግማሽ ድርሻ የሚሰጠው የ4.5 አከፋፈል አልሞተም፤ በ1992 ዓ.ም. በጅቡቲ፣ በአርታ በተደረገው ጉባኤም ሠርቷል። አከፋፈሉ የራሱ ነቀፌታ አለበት፤ ነገር ግን ያልተገኘው ሰው እንኳ አስቀድሞ በሚቀበለው መነሻ ላይ ስለ ቆመ ከፊርማው ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ስለዚህ በክርክር ጉባኤዎቻችን ተናጋሪውን በአንደበቱ ርቱዕነት ብቻ ባንመዝነው መልካም ነው። ባለጋራው የሚያምነውን መነሻ ለይቶ አውቋልን? በፊቱስ ቆሞ መልስ ሰጥቷልን? ብለን እንጠይቅ። ያለዚያ የምናሳምነው አስቀድሞ ያመነውን ብቻ ይሆናል።