ኖዋር በቀትር ፀሐይ

በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ሰመራ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፤ ዓይኖቹ ግን በቅንድቡ ጥላ ተውጠው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይመስላሉ። ሰውየው እየዋሸ ይሁን እያዘነ ከፊቱ መለየት አይቻልም። የ1940ዎቹ የሆሊውድ የካሜራ ሰዎች ይህን ጥላ ፊት ላይ ለማሳረፍ በባርኔጣ ጠርዝና በመብራት ብዙ ደክመውበታል። በካሜራ የምተዳደር ሰው ነኝና ፊልም ኖዋርን ከአፋር ምድር ጋር አያይዤ ማሰብ የጀመርኩት ከዚህ ብርሃን ተነሥቼ ነው።

ኖዋር ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ለዓመታት የአሜሪካ ፊልም ያላየችው ፓሪስ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን፣ «ደብል ኢንደምኒቲ»ንና «ሎራ»ን በተከታታይ ስታይ፣ ሃያሲው ኒኖ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1946 የጋራ ጨለማቸውን አስተውሎ ኖዋር፣ ማለትም «ጥቁር»፣ አላቸው። ሠሪዎቹ ግን አዲስ ዘውግ እንፍጠር ብለው አልተነሡም። ታሪኩ ከዳሺል ሃሜት፣ ከጄምስ ኬይንና ከሬይመንድ ቻንድለር የወንጀል ልብወለዶች መጣ። ጥላው ከጀርመን ሲኒማ መጣ፤ ፍሪትዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደርና ሮበርት ሲዮድማክ ከናዚዎች ሸሽተው ሲወጡ አብሯቸው ተሰደደ። ገንዘብ ማጣትም ድርሻ ነበረው። ብዙዎቹ በአነስተኛ በጀት የተሠሩ ስለነበሩ ያልተገነባውን ግድግዳ ጨለማ ሸፈነላቸው። «ቲ-ሜን»ን እ.ኤ.አ. በ1947 የቀረጸው ጆን አልተን በጥቂት መብራት የሠራውን ባየሁ ቁጥር፣ የቱ ቦታ ሳይበራ መቅረት እንዳለበት መወሰን የሙያችን ግማሽ መሆኑን እረዳለሁ።

እኛ ጋ ይህ ግማሽ ችላ ተብሏል። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ርእሱ ራሱ የመርማሪ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የወንጀል ፊልሞቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ያበራሉ። ገጸ ባሕርዩ የሚደብቀውን መብራቱ ቀድሞ ያወጣበታል። ጄሲካ በሽር በሐረር የሠራችው «ፋያ ዳዪ» ዘጋቢ ፊልም ቢሆንም፣ የጥቁርና ነጭ ምስል በዚህ አገር ምን ያህል ምስጢር መያዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይቶናል።

በአፋር ያለው የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ሙያ የተዘጋጀ ነው። በሰሌን በተሸፈነው የአፋር ቤት ውስጥ ብርሃን በሽመናው ቀዳዳ ገብቶ ፊት ላይ ይበታተናል፤ ስቱዲዮ ውስጥ በመስኮት መጋረጃ የሚሠራውን ሸንተረር ሰሌኑ ይሠራዋል። ሌሊት ከሰመራ አጠገብ ባለችው ሎግያ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና መብራቱን ሲያበራ አንድ ሰው ከግድግዳው ላይ በትልቁ ይነሣና ይጠፋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ የባቡር ከተማ ናት፤ ባቡር ጣቢያና እንግዳ ሰው ባለበት የኖዋር ታሪክ አይጠፋም።

በአፋር የሚካሄድ የኖዋር ፊልም ለመጻፍ ስነሣ የከበደኝ ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን «ባድ ዴይ አት ብላክ ሮክ» የማነሣው ለዚህ ነው። ለዓመታት ባቡር ቆሞባት የማታውቅ የበረሃ መንደር ውስጥ አንድ እንግዳ ይወርዳል። በቀለም፣ በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸ ነው፤ ጨለማው ያለው በሰዎቹ አፍ ውስጥ ነው። ሁሉም ግድያውን ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን ታሪክ እንዳለ ወደ አፋር ማምጣት አይቻልም፤ ዳጉ አለና። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ይለያል፤ ሐሰት ያቀበለ ይወቀሳል። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ሞተ። ኖዋር የተወለደው ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ትልቅ ከተማ ነው። ዳጉ ባለበት ምድር ባይተዋር ሆኖ መሰወር ጭንቅ ነው።

አስፋልቱ ላይ ግን ይቻላል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ደላላው፣ ኮንትሮባንዲስቱ ሳይቀመጡ ያልፋሉ። ስለዚህ ለእኔ የአፋር ኖዋር ቦታው ያ ቀጭን መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን ሁሉ የሚነገርበት ሜዳ፣ በሌላው ማንም ስሙን የማይናገርበት ጉዞ።

ወንጀሉን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ቻይናታውን» ስለ ውኃ ነው፤ በድርቅና በፀሐይ መካከል የሎስ አንጀለስን ውኃ ማን እንደያዘው የሚጠይቅ። አዋሽም ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ በመንገዱ የያዘው ሁሉ ሌላውን ያሳጣል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ጥጥ ዘራ። አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ሣር በየእርሻው ተወሰደ። ይህ በመዝገብ ያለ ታሪክ ነው፤ ሰነድ አገላባጭ መርማሪ ከዚህ የተሻለ ፋይል አያገኝም።

የቻይናታውኑ መርማሪ ሁሉን ያወቀ እየመሰለው ከሁሉም በኋላ ያውቃል። በጽሑፌ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መርማሪም እንዲሁ ነው፤ ሎግያ ሳይደርስ ዜናው ደርሷል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ አዋሽ ኬላ ላይ ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ። አጥፊውን እሱ ካልሆነ በቀር የማያውቅ የለም። የትዕይንቱ ጭንቀት የሚመጣው ለእሱ ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም ከሚለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከአፉ አውጥቼ ለአንድ አፋር ሽማግሌ ሰጥቻለሁ። ሽማግሌው በቀትር፣ ዓይናቸው በጥላ እንደተሸፈነ፣ መጀመሪያ እሱ ከመንገድ ያመጣውን እንዲነግራቸው ይጠይቁታል። በዳጉ የሚቀበል ሰው መስጠትም አለበት፤ መርማሪው ደግሞ ሥራው ሆኖ ምንም ሳይሰጥ መቀበል ብቻ ለምዷል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ከአንድ የአፋርኛ ተናጋሪ ባልደረባዬ ጋር እየጻፍን ነው።