ጡረተኛ የሌለበት ልብ ወለድ

ቻርልስ ላም የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በለንደን ከተማ፣ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ ሲጽፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1825 በጡረታ ተሰናበተ። ሁለት ወር ሳይሞላው ስለዚያው ስንብት አንድ መጣጥፍ "ለንደን መጽሔት" ላይ አወጣ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው "ጡረታ የወጣው ሰው" ልንለው እንችላለን። መጣጥፉን በተማሪነቴ ለፈተና፣ በመምህርነቴ ደግሞ ለክፍል የሚሆን አንቀጽ ፍለጋ አንብቤው ነበር። ሦስተኛ ያነበብኩት ሳንጃ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የራሴ የጡረታ ደብዳቤ በደረሰኝ ወር ነው። ያኔ ሌላ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት።

መጣጥፉ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ላይ ተራኪው (ላም ለተራኪው ሠላሳ ስድስት የአገልግሎት ዓመት ቆጥሮ፣ የሌለ የንግድ ቤትም ፈጥሮለታል) ድንገት በአሠሪዎቹ ፊት ይቀርባል። ሊያባርሩኝ ነው ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ዕድሜ ልኩን እየተከፈለው ቤቱ እንዲቀመጥ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቀናት ግን የፌሽታ ቀናት አይደሉም። ሰውየው ደንዝዟል። ደስ እንዳለው ያውቃል እንጂ ደስታው አይሰማውም። ብዙ ዓመት ታስሮ ባንድ ጊዜ እንደተፈታ እስረኛ፣ ነፃነቱን የት እንደሚያኖረው ይጠፋዋል። ወደ ቀድሞ ቢሮው ተመልሶ ጓደኞቹን ይጎበኛል፤ ጠረጴዛው ሰው ይዞታል፤ ባርኔጣውን የሚሰቅልበት ቦታም የሌላ ሆኗል። በሁለተኛው ክፍል ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ይነግረንና የተረጋጋ ሰው ሆኖ ብቅ ይላል። የሳምንቱ ቀናት ተደባልቀውበታል፤ የሰኞ ጥቁረት ለቅቋል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊን አጥቦ ስለማንጣት የሚወራውን የቆየ ፈሊጥ ይጠቀማል። ሰኞን ምን አጥቦ አነጣው ለማለት ነው። ፈሊጡ ሥሩ ከኤሶፕ ተረቶች ነው፤ በለንደን ሰኞ ላይ ሲለጠፍ ግን ሳንጃ ለተቀመጠ አንባቢ ፈገግ ማሰኘቱ አልቀረም።

የጽሑፉ ትልቅነት ደስታን አለመዋሸቱ ላይ ነው። ጡረታ የሚወጣን ሰው ሁላችንም "እንኳን ለዚህ አበቃህ" እንላለን፤ ላም ደግሞ "አዎን፣ ግን ቀስ በሉ" ይለናል። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሁለት ሳምንት አይበቃም። የመጣጥፉ ድክመት ሒሳብ ጸሐፊው ወደ እርጋታ የገባበት ፍጥነት ነው፤ ለዚያ ፍጥነት ደግሞ ከብዕሩ ይልቅ ከተማው ረድቶታል። ለንደን ያለ ሰው በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ ቢታይ የሚያውቀው የለም። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ሥዕል የሚታይባቸው ቤቶች አሉ፣ ሥራ ፈት ሰው የሚንሸራሸርባቸው የአትክልት ቦታዎች አሉ። የላም ጡረተኛ ሥራ መፍታትን እንደ አዲስ ልብስ ለብሶ የሚወጣበት አደባባይ አለው።

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን ቆላውን ይዞ ለሚወርድ። ስሟን የምትጋራው ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ልብስ የሚታጠብበት፣ ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ነው (ሐኪሞች ግን በቢልሃርዚያ ጥናቶቻቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ ለጡረተኛ መዝናኛ ነው ብዬ ለማንም አልመክርም)። በሐምሌ ከተማይቱ ሥራ ላይ ናት። የሰሊጥና የማሽላ አረም ወቅት ስለሆነ ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ እቃቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ወደ እርሻው ይጎርፋሉ። ጡረተኛ መምህር በዚያ ሰዓት በር ላይ ቢቆም ከማዶ የሚመጣው የመጀመሪያ ሰው "ጋሼ፣ ደኅና አደሩ? ወዴት ሊሄዱ ነው?" ይለዋል። መልስ የለውም። ከሳሉጎቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት አሉ። ለእነሱ ስድሳ ዓመት ማለት የቀን ምንዳቸው የሚቀንስበት ጊዜ እንጂ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ጊዜ አይደለም።

ቤት ውስጥ መቀመጥም ቢሆን ቀላል አይደለም። ማለዳ የሴቶች ሰዓት ነው። ባለቤቴ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቡና ስታፈላ፣ እኔ ጥግ ላይ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ፣ ወሬው ይቀዘቅዛል። አቦሉ በዝምታ ይጠጣል፤ ቶናው ላይ ስለ ዝናቡ ይነሣል፤ በረካው ሳይደርስ ሁሉም ሥራ እንዳለባቸው ትዝ ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ "ምነው ወጣ ብለህ ብትመጣ?" አለችኝ። ለሠላሳ አምስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ያ ቤት ያለ እኔ የራሱ ሕይወት እንደነበረው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ላም ሚስት አልነበረውም፤ ይህን ምዕራፍ ሊጽፈው አይችልም ነበር።

የእኛዎቹ ደራስያንስ? ይህን ጥያቄ ይዤ የመደርደሪያዬን የአማርኛ ልብ ወለዶች አንድ ባንድ ገላለጥኩ። ባላባት አለ፤ ደብተራ አለ፤ ወታደር፣ ጋዜጠኛ፣ ሴተኛ አዳሪ፣ ካድሬ አለ። የመንግሥት ቢሮማ ሞልቷል፤ በዓሉ ግርማን ያህል የሚኒስቴር መሥሪያ ቤትን ኮሪደር ከነሽታው ያመጣልን የለም። ሆኖም ከዚያ ኮሪደር በሰላም፣ በዕድሜ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚወጣና በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ የሚነቃ ዋና ገጸ ባሕርይ አላገኘሁም። ጀግኖቻችን ይሞታሉ፣ ይታሰራሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ይመንናሉ። ጡረታ አይወጡም።

ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው የቆየ ነው። ባህላችን ለሕይወት ማምሻ የራሱ ቅርጽ ነበረው፤ እሱም ቆብ መድፋት ነው። አፄ ካሌብ ከየመን ዘመቻው በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ገዳም እንደገባ በትውፊት ይነገራል። ልጆቹን ድሮ የጨረሰ አባወራ፣ ባሏ የሞተባት እመቤት፣ ንብረታቸውን አውርሰው ይመነኩሱ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት "ፍቅር እስከ መቃብር" ሰብለ ወንጌልን በመጨረሻ ያገኘናት መነኩሲት ሆና ነው። ምንኩስና ለደራሲ የተመቸ ፍጻሜ ነው፤ ትርጉም አለው፣ ልብስ አለው፣ ሥርዓት አለው። ጡረታ ግን ልብስ የለውም። መነኩሴው ከዓለም ሲወጣ የሚገባበት በር አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ሲወጣ ያለው በር የወጣበቱ ብቻ ነው። ልብ ወለዳችን የመጀመሪያውን ፍጻሜ ወርሶ ሁለተኛውን ገና አልለመደም።

ሁለተኛው ምክንያት ይመራል። ደራስያኖቻችን ራሳቸው ጡረታ የሚባለው ዕድሜ ላይ አልደረሱም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ" በታተመ ማግሥት ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. ሲሞት ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ጡረታን ለመጻፍ መጀመሪያ ጡረታ እስኪደርሱ መኖር ያስፈልጋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ኖረዋል። በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት ካገለገሉ በኋላ፣ በዕረፍት ዘመናቸው፣ በ1974 "ወንጀለኛው ዳኛ"ን፣ በ1980 "የእልም እዣት"ን፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ "ትዝታ"ን ሰጥተውናል። ከመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው እስከ ሁለተኛው አሥራ ስድስት ዓመት መቆየቱ ራሱ ቢሮ ከደራሲ ምን ያህል እንደሚወስድ ያሳያል። እኚህ ሰው ጡረታን እንደ ብራና ተጠቀሙበት እንጂ ስለ ብራናው አልጻፉም። "ትዝታ" የሚመልሰን ወደ ጣሊያን ጦርነት ነው። በስልሳና በሰባ ዓመታቸው ማለዳ ሲነቁ ምን ይሰማቸው እንደነበር ብናነብ ደስ ባለን። የትውልዳቸው ጨዋነት ግን ይህን ዓይነቱን የግል ነገር ለማውጣት የፈቀደላቸው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። "ጡረታ" ከ"መጦር" የመጣ ቃል ነው። ማረፍ ማለት አይደለም፣ ማፈግፈግም ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲጦርህ ማለት ነው። "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ተብሎ ይመረቃል። ስለዚህ የእኛ ጡረተኛ ታሪክ ከላም ይልቅ የሚጠይቀው "ጊዜዬን ምን ላድርገው?" የሚለውን ሳይሆን "ማን ማንን እየጦረ ነው?" የሚለውን ነው። (ላምም ቢሆን ይህን ያውቃል፤ አእምሮዋ ታውኮ እናታቸውን የገደለችውን እህቱን ሜሪን ከ1796 ጀምሮ የጦራት እሱ ነው። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ግን ስለሷ ትንፍሽ አይልም።) በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ስሌት፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብ ነበር፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። 35 ዓመት ያስተማረ 61.25 በመቶ ይደርሰው ነበር። ከላም ሁለት ሦስተኛ ብዙም አይርቅም። በመቶኛው አንጣላም፤ የምንጣላው ከዘይት ዋጋ ጋር ነው፤ ያውም በሰሊጥ አገር ተቀምጠን ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት እየገዛን። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ አብሮ ይበላል። ተጧሪው ጧሪ ሆኖ ይቀጥላል። ይህን ግልብጥ የሚያሳይ ልብ ወለድ ባገኝ ከላም መጣጥፍ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

ችግሩን ያዩት የውጭ ሰዎች አሉ። ጋርሲያ ማርኬዝ "ለኮሎኔሉ የሚጽፍለት የለም" ባለው አጭር ልብ ወለዱ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ የጡረታ ደብዳቤውን ሊጠብቅ ወደ ወንዝ ወደቡ የሚወርድ ሽማግሌ አሳይቶናል። የረሃቡን ክብር አልረሳውም፤ ግን የኮሎኔሉ ሰቆቃ ጡረታው ባለመምጣቱ ነው። ለእኔ ነገር የሚቀርበው የዴ ሲካ "ኡምቤርቶ ዲ" የተባለው የ1952 የጣሊያን ፊልም ነው። የሚጀምረው ጡረታችን ይጨመር ብለው ሰልፍ በወጡ ሽማግሌዎች ነው፤ ፖሊስም ይበትናቸዋል። ከዚያ ሰልፍ ይልቅ የማይረሳኝ የቤት ሠራተኛዋ ማለዳ ተነሥታ ወጥ ቤት ገብታ ቡና የምትፈጭበት ትዕይንት ነው። ምንም አይከሰትም፤ ካሜራው አይቸኩልም፤ ልጅቷ እየፈጨች በሩን በእግሯ ጣት ለመግፋት ትንጠራራለች። ማለዳን እንዲህ የሚታገሥ ዓይን ነው የጎደለን። የእኛ ትረካ ሁልጊዜ ወደ ጦሩ ሜዳ፣ ወደ ችሎቱ፣ ወደ ለቅሶው ይቸኩላል።

ወደ ላም ሁለት ሳምንት ልመለስ። እኔ በሐምሌ መግቢያ ተሰናብቼ በሐምሌ አጋማሽ ላይ ተረጋግቼ ነበር። ላም ልክ ነው ብዬ ይህን ሒስ በዚያው ሰሞን ብጽፈው ኖሮ አሞካሽቼው ባለፍኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር መምህር በሐምሌ ዱሮም ቤቱ መሆኑን ነው። ያ እርጋታ የጡረታ ሳይሆን የክረምት ዕረፍት ነበር። የመምህር ጡረታ የሚጀምረው በመስከረም ነው። እሱም ደወሉ ከተደወለ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ክፍላቸው አስቀድሞ ጡረታ ያወጣቸው የሙያ ባልደረቦች አሉ። ለእነሱ የላም ባርኔጣ መስቀያ እንኳ ቅንጦት ነው።

በእኛ ሰፈር ዘንድሮ ተደውሏል። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ድምፁ እቤቴ ድረስ ይሰማል። በዚያ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያሠርኩ ነበር። የግራውን ጨርሼ የቀኙን ክር ስስብ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ጎረቤቶቿ ገና አልመጡም ነበር። ጫማውን ሳልፈታ አቦሉን ቀዳችልኝ።