የእግር ጥበብ ወለል ይሻል፦ ስለ «ዩናይትድ ስኬትስ» ዘጋቢ ፊልም

በዳያና ዊንክለርና በቲና ብራውን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው «ዩናይትድ ስኬትስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም፣ ጥቁር አሜሪካውያን መንኮራኩር በተገጠመለት ጫማ የሚንሸራተቱባቸውን አዳራሾች ሕይወትና የእነዚህን አዳራሾች አንድ በአንድ መዘጋት ያሳየናል።

ጉዳዩ ተራ የመዝናኛ ወሬ አይደለም። በቺካጎ የዋይት ሲቲ አዳራሽ ጥቁሮችን አላስገባም በማለቱ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተቃውሞ መድረክ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሌጀር ስሚዝ ከቺካጎ ተነሥቶ በዚሁ ጫማ እየተንሸራተተ በዋሽንግተኑ የመብት ሰልፍ ተገኝቷል። ክልከላው በሕግ ከተሻረ በኋላም «የአዋቂዎች ምሽት» የሚለው ስያሜ ለጥቁሮች የተለየውን ሌሊት መጠቆሚያ ሆኖ መቆየቱን ፊልሙ ያስረዳል።

የፊልሙ ዐቢይ ብርታት እንቅስቃሴውን እንደ ኪነት ማየቱ ነው። የጎንደርና የወሎ እስክስታ እንደሚለያይ ሁሉ፣ የባልቲሞርና የቺካጎ ተንሸራታችም በአረማመዱ ይለያል። የቺካጎው ስልት በጄምስ ብራውን ሙዚቃ ምት በመታነጹ በስሙ ምህጻር «ጄ.ቢ.» ይባላል። ካሜራው ከተንሸራታቾቹ ጋር አብሮ ሲዞር፣ ተመልካቹ ያለ ሐተታ ሁሉን ይረዳል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ወደ ዝነኞቹ ትዝታ ሲዞር ኃይሉ ይላላል። ትልልቅ መድረኮች ለራፕ ሙዚቃ በራቸውን በዘጉበት ዘመን እነዚህ አዳራሾች ለወጣቶች የሙዚቃ ምሽት ያዘጋጁ ነበር፤ ኤን.ደብሊው.ኤ. የተባለው ቡድንም በኮምፕተን ከተማ በስኬትላንድ አዳራሽ ተጫውቷል። ዝነኞቹ ድምፃውያን ያንን ጊዜ ማውሳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስክርነታቸው ሲደጋገም፣ አዳራሹ ወደ ዝና መወጣጫ መሰላል ብቻ ሆኖ ይታያል። መሰላል ደግሞ ከተወጣበት በኋላ ይረሳል።

በሎስ አንጀለስ «ወርልድ ኦን ዊልስ» እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋ የተጎዱት ዝነኞቹ አልነበሩም። የተጎዳው ስሙ በየትም ያልተጻፈው፣ ልጁን እጁን ይዞ ሚዛን መጠበቅ ያስተማረው ተንሸራታች ነው። ዘፈን በሸክላ ይቀረጻል፤ ግጥም በወረቀት ይሰፍራል፤ የእግር ጥበብ ግን ወለል ይሻል። የኪነት ቤት ዋጋ ባፈራቸው ዝነኞች ቁጥር የሚለካ ከሆነ፣ ዝነኛ ያላፈራው ቤት ሲፈርስ የሚሟገትለት አይገኝም።